ሰው እንዳትጭን ዝቅ ያስደረግኳት መኪና

ነውሬን ከራሴ አፍ ብትሰሙት ይሻላል። ከሌላ ሰው ከሰማችሁት ይጨመርበታል፤ እኛ አገር ወሬ እንዳለ አይቀርብም። የአባቴን አሮጌ መኪና ሆዷ አስፋልት ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ ያስደረግኳት እንድታምር ብዬ አይደለም። ሰው እንዳልጭንባት ብዬ ነው።

የምኖረው ሐይቅ ከተማ ከአባቴ ጋር ነው። የማስተምረው ግን ውጫሌ ነው፤ አምባሰል፣ ፊዚክስ። ጠዋት ሄጄ ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ። መኪናዋ ጣሊያን ሠራሽ ናት፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ በጠባይም ሳትበልጠኝ አትቀርም። አባቴ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በጭነት መኪና ሹፌርነት ነው፤ እሷን ግን የገዟት ለገዛ ደስታቸው ነው። መጀመሪያ ቀለሟ ምን እንደነበር እሳቸውና የድሮ ጎረቤቶቻችን እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ዐይናቸው ሲደክም ቁልፏን ለእኔ ሰጡኝ። ከቁልፉ ጋር አንድ ሕግ አብሮ መጣ፦ «ባዶ ወንበር ይዞ ሰው ማለፍ ነውር ነው።»

ሕጉ ሲሰሙት ቀላል ነው። የከበደኝ ስኖርበት ነው። የሽንኩርት ጆንያ ጭኛለሁ። ዶሮ ጭኛለሁ፤ እግሯ ታስሯል የተባለችው ዶሮ መሪው ላይ ወጥታ ቆማለች። አንድ በግ ከኋላ ወንበር ሆኖ ጆሮዬ ሥር እየተነፈሰ ደሴ ድረስ ሄዷል፤ ባለቤቱ «ረጋ ያለ ነው፣ አብሽሪ» እያለ ያጽናናኝ ነበር። ደግሞ «እግረ መንገድሽን» ብለው የሚገቡ አሉ። ከገቡ በኋላ መንገዱ ወደ አርዲቦ ሐይቅ ይታጠፋል፣ ኮረኮንች ይሆናል፣ በመጨረሻ መንገድ መሆኑ ይቀርና የሰው ማሳ ይሆናል።

እምቢ በያቸው ትሉኝ ይሆናል። ወሎን አታውቁትም ማለት ነው። የእኛ ሰው መኪና ሲፈልግ አይለምንም፤ መጀመሪያ ይመርቃል። «አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ክፉ አይንካሽ፣ ወልደሽ ሳሚ» ብሎ ይጨርስና እጁን የበሩ እጀታ ላይ ያሳርፋል። ምርቃቱን ተቀብሎ እምቢ ማለት ከሱቅ ዕቃ አንስቶ እንደመሮጥ ነው። እኔም በአፌ «ይግቡ» እላለሁ፤ በሆዴ የምለውን እዚህ አልጽፈውም።

ትዕግሥቴ ያለቀው በአንድ ሰኞ ጠዋት ነው። አንድ ዓሣ አጥማጅ መረቀኝና አንድ ባልዲ ዓሣ ይዞ ገባ። ውጫሌ ላለ ምግብ ቤት የሚያደርሰው ነው። ባልዲውን በጉልበቱ መሃል አጥብቆ ይዞት ነበር፤ ፍሬን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ላም ገብታብኝ። ግማሹ ባልዲ ቀሚሴ ላይ ነው ያረፈው። ክፍል ስገባ ሃምሳ ተማሪ አፍንጫውን ያዘ። ከኋላ አንዱ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ዛሬ የምንማረው ስለ ሐይቅ ነው?» አለኝ። አስወጣሁት። ትክክል ስለሆነ ነው ያናደደኝ።

መድኃኒቱን ያገኘሁት በዚያው ሳምንት እሑድ ነው። ሐይቁ ዳር አንድ ከደሴ የመጣ ጎረምሳ መኪናውን አቁሟል። መኪናው መሬት ላይ ተኝቷል ማለት ይቻላል፤ ጎማዎቹ ግማሽ ድረስ ተሸፍነዋል። አንዲት እናት ዶሮ ይዘው ቀረቡት፤ ሊመርቁት አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የመኪናውን ሆድ አዩት። «እችማ ራሷንም አልቻለች» ብለው ምርቃታቸውን ይዘው ሄዱ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። እምቢ ማለት ያቃተኝን ብረቱ እምቢ ይልልኛል ማለት ነው!

አንድ ችግር ብቻ ነበረብኝ፤ አባቴ። ዐይናቸው ከደከመ ወዲህ የቀራቸው ደስታ የዓርቡ ጉዞ ነው። ዓርብ የማስተምረው ጠዋት ብቻ ስለሆነ ለጁምዓ እደርስላቸዋለሁ። ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ከፊት ወንበር ተቀምጠው፣ የሞተሩን ድምፅ እያዳመጡ መስጊድ ይሄዳሉ። «ሦስተኛ አስገቢላት፣ እየለመነችሽ ነው» ይሉኛል። ከእነዚያ ሁሉ ተሳፋሪዎች መካከል ሲገቡ ደስ የሚለኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ጉልበታቸውም ያማቸዋል፤ በእግራቸው ሩቅ አይሄዱም።

እናም በጉልበታቸው ዋሸሁ። «አባየ፣ መኪናዋን ትንሽ ዝቅ ላስደርጋት አስቤያለሁ። ሲገቡ ጉልበትዎን እንዲቀልዎ ነው» አልኳቸው።

ጉልበታቸውን ዳሰሱ። «መግባቱስ ይቀል ይሆናል፤ መውጣቱስ?» አሉኝ።

«እኔ ደግፌ አወጣዎታለሁ።»

«ለኔ ብለሽ?» አሉኝ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። ረጅም ምርቃት ነው፤ ልጆቼንና የልጅ ልጆቼን ሁሉ ያዳረሰ። እስኪጨርሱ ድረስ መሬት መሬት እያየሁ «አሚን» አልኩ።

ደሴ የጠየቅኩት ጋራዥ አጫጭር ሞላ ከውጭ እናስመጣለን አለኝ። አመስግኜ ወጣሁ፤ የአስተማሪ ደመወዝ ከውጭ የሚመጣ ነገር ስም ሲጠራ ይታመማል። ስለዚህ ሐይቅ ወዳለው መካኒክ ሄድኩ። አብሮኝ የተማረ ነው፤ ከከተማው መውጫ ላይ ካለው ዋርካ ሥር ይሠራል። እኔ ስሌቴን በወረቀት ይዣለሁ፤ እሱ ወረቀቱን ተቀብሎ እጁን ጠረገበት።

መኪናዋ ከፊት የምትቆመው በሞላ ነው፤ ከኋላ ደግሞ በባሌስትራ፣ በያንዳንዱ ጎማ ላይ አምስት አምስት ተደራርበው በታሰሩ የብረት ቅጠሎች። ከፊት ሞላውን አንድ ተኩል ዙር እንቆርጣለን፣ ከኋላ ከባሌስትራው ሁለት ሁለት እናወጣለን ተባባልን። ዋጋውን ስንነጋገር ዝም አልኩት። ዝም ስለው ገባው። «እንግዲያ የሚወጡት ባሌስትራዎች የኔ ናቸው» አለኝ። እኛ አገር ባሌስትራ ቁራጭ ብረት አይደለም፤ ቀጥቃጭ ቤት ሲደርስ ማጭድ ይሆናል፣ ፋስ ይሆናል፣ የእርድ ቢላዋ ይሆናል። ተስማማን።

ሞላ ታፍኖ የሚኖር ነገር ነው፤ ሲፈቱት ይዘላል። በሰንሰለት አሰረው፣ ከሥር የደገፈውን ክሪክ ቀስ እያለ አወረደ፣ እኔን «ከዋርካው ጀርባ ሂጅ» አለኝ። አብረን ስንማር እንዲህ አያስብልኝም ነበር። ሰንሰለቱ ተንሸራተተና ሞላው አስፋልቱን ተሻግሮ ጎመን ማሳ ውስጥ ገባ። ባለማሳው በሁለት እጁ ታቅፎት መጣ። «የናንተ ነው?» አለን። አስረከበን፣ መረቀን፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ነገ ውጫሌ ትሄጃለሽ?» አለኝ። መጋዙን አነሳሁ።

በእሳት እንቁረጠው ብሎኝ ነበር፤ እሳት የሞላን ጉልበት ይገድላል ብዬ ከለከልኩት። በእጅ መጋዝ ተፈራርቀን ስንገዘግዝ ዋልን፤ ምላጭ ሰበርን፣ ሌላ ምላጭ ሰበርን። ሁለቱንም ቆርጠን ገጥመን ብናያት ወደ ግራ አዘነበለች። ከቀኙ ጨምረን ቆረጥን፤ ወደ ቀኝ አዘነበለች። እግሩ የሚወላገድ በርጩማ ያስተካከለ ሰው ያውቀዋል። በመጨረሻ ስትስተካከል በስሌቴ አንድ ተኩል የነበረው ዙር ሁለት ከሩብ ሆኖ ነበር። የፊዚክስ ስህተት አይደለም፤ የመካኒኩ ዐይን ስህተት ነው። እሱ ደግሞ እስከ ዛሬ የወረቀቱ ነው ይላል።

የኋላውን ሲፈታ ቀና ብሎ አየኝ። «ሁለት ሁለት ካወጣን እኮ ሰው አትችልም» አለኝ።

«ከሹፌር ሌላ ስንት ትችላለች?»

«አንድ። እሱም ቀጭን ከሆነ።»

«በጣም ጥሩ» አልኩት።

መፍቻውን አስቀመጠ። ፊቴን አየው፣ መኪናዋን አያት፣ እንደገና ፊቴን አየው። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጦ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አንች ሰይጣን! ላባትሽ ነው የምነግር!» አለኝ።

«ባሌስትራዎቹን ልመልሳቸው እንዴ?»

«እኔ ምንም አላየሁም» አለና መፍቻውን አነሳ።

በማግስቱ ብቻዬን ሄድኩ። መስኮቱን ከፍቼ፣ ሬዲዮውን ከፍቼ፣ የኋላ ወንበሩን በመስታወት እያየሁ። ባዶ ነው! የተቆረጠ ሞላ ይደርቃልና ጠጠር በረገጠች ቁጥር ጥርሴ ይጋጫል፤ ፍጥነት መቀነሻው ጉብታ ላይ የጭስ ማውጫዋ ማርሚታ ይፋጫል። ግድ አልሰጠኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ ደብተሬ ላይ የዶሮ ላባ ሳይኖር ክፍል ገባሁ።

የመጀመሪያዋን ውሸት የተናገርኩት ለአንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ነው። ዝም ብሎ ማለፍ አልሆነልኝም፤ የአባቴ ልጅ ነኝና ቆምኩላቸው። ፊቴን አስረዘምኩ። «እትየ፣ ወገቧን ታማብኛለች። ሰው አትችልም» አልኳቸው።

«ወየው! መቼ?»

«ሰሞኑን ነው።»

መኪናዋን በእጃቸው ዳሰሷት። «አላህ ያሽራት። አንችንም አብሽሪ ይበልሽ» ብለው ጆንያቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል መሆኑ አስገረመኝ። በሳምንቱ ውስጥ ለስንቱ ነገርኩ! ውሸቱም እያደር ተሻሻለ፤ በኋላ በኋላ ሳዝን ድምፄ ሁሉ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ያላሰብኩት የአገሬን ጠባይ ነው። እኛ ዘንድ የታመመ ሳይጠየቅ አይቀርም። ሐሙስ በዓል ሆኖ ቤት ነበርኩ፤ ጠዋት የግቢያችን በር ተንኳኳ። ሦስት ጎረቤቶች ናቸው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው። «እንደምን አደረች?» አሉኝ። እናቴ ከሞተች ቆይታለች፤ ማንን እንደሚሉ ግራ ገባኝ። ዐይናቸውን ስከተል መኪናዋ ላይ ነው። ቀጥሎ አንድ ሸህ መጥተው ኮፈኗ ላይ ቁርአን ቀርተው እፍ አሉባት። ከሰዓት በኋላ ክርስቲያን ጎረቤታችን በላስቲክ ጠርሙስ ጸበል አምጥታ አራቱንም ጎማ ረጨች። «ዐይን ነው» አለች፤ «ከሰው መኪና ሁሉ የሷ ሰው መውደድ ዐይን ውስጥ ገባ።» አንዷ ደግሞ ሾርባ ሠርታ መጣች። ሾርባው ለእኔ ነው፤ ማስታመም ያደክማል ብላ።

አባቴ ዝቅ ስትደረግ ወገቧ የተጎዳ መስሏቸው፣ ደጅ ተቀምጠው ጠያቂ ይቀበላሉ። ዱዓ ሲደረግ እጃቸውን ዘርግተው «አሚን» ይላሉ። እኔ ጓዳ ገብቼ ሻርፔን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ እስቃለሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔን ግን ከተማው ተባብሮ ተሸክሞልኝ አልቀለለም።

ከዚያ ዓርብ መጣ። አባቴን አስገባሁ፤ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደረሰ። ጥቂት እንደሄድን የሚያውቁት ሽማግሌ ምርኩዝ ይዘው ዳር ዳሩን ሲሄዱ አገኘን። አባቴ በጥላቸው ይሁን በአካሄዳቸው እንጃ፣ ለዩአቸው።

«ቁሚ ልጀ።»

«አባየ፣ አትችልም እኮ። ታማለች።»

«ስንት ሰው ነው የምትችል?»

«ከኔ ሌላ አንድ» አልኩ፤ መካኒኩ ያለኝን።

«እንግዲያ እኔ ልውረድ» አሉና በሩን ከፈቱ።

ቀኝ እግራቸውን በሁለት እጃቸው አንስተው አወጡት። ሽማግሌው «ወላሂ አልገባም!» አሉ። አባቴ «ወላሂ ትገባለህ!» አሉ። እንዲህ ሲማማሉ ከኋላችን ባጃጆች ተደረደሩ። በመጨረሻ ሽማግሌው ተሸንፈው ገቡ። እኔ ሰው እንዳልጭን ብዬ ያሳጠርኳትን መኪና ይዤ የማላውቀውን ሰው ወደ መስጊድ ወሰድኩ፤ አባቴ በመስታወቱ ውስጥ በምርኩዛቸው እየተጎተቱ አነሱ። አድርሼ እየበረርኩ ተመለስኩላቸው። አጠገባቸው ሌላ ሰው ቆሟል። «እሱን አድርሽው፣ ዓይነ ስውር ነው» አሉኝ። አደረስኩ። ተመለስኩ። «እሱን፣ ቸኩሏል» አሉኝ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፣ ሦስት ሰው አደረስኩ። ሦስተኛውን አድርሼ መኪናዋን ሳዞር እሳቸው በእግራቸው መስጊዱ በር ደርሰዋል።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። በሁለተኛውም ዓርብ እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛውም። አሁን መሳቄ ቆመ። ሦስተኛው ዓርብ ቤት ስንገባ የአባቴ ጉልበት አብጦ የሕፃን ራስ አክሎ ነበር። ውሃ አሞቅኩ፣ ጨው ጨመርኩበት፣ እግራቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ አሽላቸው ጀመር። ዐይናቸውን ጨፍነው «እኔስ ልጅ አለችኝ፤ የመኪናዋን ወገብ ማን ያሽላታል» አሉ።

ያን ጊዜ ተናገርኩ። ከዓሣው ጀምሬ እስከ ባሌስትራው፣ አንድም አላስቀረሁም። እያለቀስኩ ነው ልላችሁ ነበር፤ አላለቀስኩም፤ እጄ ብቻ ጉልበታቸው ላይ ቀረ።

እግራቸውን ከጭኔ ላይ አነሱ። ቀስ ብለው፣ በራሳቸው እጅ።

«መሰልቸትሽስ ሰው ነሽ» አሉኝ። «ደከመኝ ብትይኝ እኔው መላ ባልኩሽ። ግና ያን ሁሉ ሰው ዱዓ አስደረግሽው። እኔም ደጅ ተቀምጨ አሚን ስል ከረምኩ።»

«አውፍ ይበሉኝ አባየ።»

«እኔ ኋላ ነኝ። መጀመሪያ ያለፍሻቸውን ሁሉ፣ አንድ ባንድ፣ አውፍ አስብይ። እስከዛ ድረስ እችን መኪና አልገባባትም።»

አውፍ፣ ማለትም ይቅር፣ ማስባል ሌላ ጊዜ ቀላል ነገር ነው፤ እኛ አገር ጾም ሲገባ፣ ሰው መንገድ ሲሄድ «አውፍ በሉኝ» ይባባላል። ያኔ ግን ምን እንዳደረግን አንጠያየቅም። የእኔኛው ሥራን በስሙ ጠርቶ ነው። አባቴ አንድ ቃል ከተናገሩ እንደማይመልሱ አውቃለሁ፤ ጉልበታቸው እንደዚያ አብጦ በየዓርቡ በእግራቸው እንደሚሄዱም አውቃለሁ። ስለዚህ ቸኮልኩ።

መጀመሪያ ዋርካው ሥር ሄድኩ። «ባሌስትራዎቼን መልስልኝ» አልኩት። ተያይዘን ቀጥቃጩ ዘንድ ደረስን። ሁለቱ ማጭድ ሆነው ተሸጠዋል፤ ሁለቱ ገና ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሁለቱን አስመልሼ ግራና ቀኝ አንድ አንድ አስገባሁ። የኋላዋ ቀና አለ። የተቆረጠ ሞላ ግን መልሶ አይበቅልም፤ ከፊት ተደፍታ፣ ከኋላ ቂጧን ሰቅላ ቀረች። ሙስሊሙ ሱጁድ ላይ ናት አለ፣ ክርስቲያኑ እየሰገደች ነው አለ። ስትጸልይ ማየታቸው ደስ ሳይላቸው አልቀረም።

ከዚያ ልመናው ተጀመረ። ጠዋት ስሄድና ከሰዓት ስመለስ ያለፍኩትን ሰው ባየሁ ቁጥር እቆማለሁ፤ እወርዳለሁ፤ «አልታመመችም ነበር፤ እንዳልጭናችሁ ብዬ ነው፤ አውፍ በሉኝ» እላለሁ። የመጀመሪያዋ የሽንኩርት ነጋዴዋ ናቸው። አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ዐይናቸው እስኪያነባ ሳቁ። «አውፍ ብያለሁ፤ እንዲህ ያለ ተንኮል ለኔስ ጠፍቶኝ!» አሉና ጆንያቸውን ጎትተው ገቡ። የጎመኑ ሰውዬ አውፍ ለማለት ሁለት ቅዳሜ ገበያ ካላደረሽኝ አለ። ዓሣ አጥማጁ ደግሞ «አውፍ ብያለሁ። ባልዲውን የት ላድርገው?» አለኝ። እንዲህ ሆኖ አንድ አውፍ በተባልኩ ቁጥር አንድ ሰው እየጫንኩ፣ ከዚያ በፊት ጭኜ የማላውቀውን ያህል ሰው ጫንኩ።

ሁለት ዓርብ አለፈ። በሁለቱም አባቴ ምርኩዛቸውን ይዘው ቀድመውኝ ወጡ፤ እኔ በመኪና ከኋላቸው በእርምጃቸው ልክ እየነዳሁ ተከተልኳቸው። አንድም ጊዜ ዞር ብለው አላዩኝም።

በመጨረሻ «አባየ፣ ጨርሻለሁ» አልኳቸው።

«ሁሉንም?»

«የማስታውሳቸውን ሁሉ።»

«ያላስታወስሻቸውስ?» አሉኝ።

በሳምንቱ ከውጫሌ ስመለስ፣ ሐይቅ ለመግባት ጥቂት ሲቀረኝ፣ አንዲት ሴት፣ ልጅ አዝላ፣ ዳር ዳሩን ትሄዳለች። እጇን አላነሳችም። እኔ ግን ልማድ ሆኖብኛልና ቆምኩ። መኪናዋን ስታይ ፊቷ በራ።

«ዳነችልሽ?» አለችኝ።

ከዚያ በፊት አይቻት የማላውቅ መሰለኝ። «የት ነው የምንተዋወቅ?» አልኳት።

«እንዴ! ያን ዝናብ የጣለ ለት ነዋ። ይሄን ልጅ ትኩሳት አንዘፍዝፎብኝ ሐኪም ቤት ስወስደው። ቆመሽ ነገርሽኝ እኮ፣ ወገቧን ታማለች፣ ሰው አትችልም ብለሽ። ልታለቅሽ ደርሰሽ ነበር። አንጀቴን በላሽው።» የልጁን እግር በነጠላዋ ሸፈነች። «አዘንኩልሽና ለእስጢፋኖስ ተሳልኩላት። ተሽሏት ካየሁ አንድ እስር ጧፍ ብዬ። ይኸው ሰምቶኛል።»

ልጁን አየሁት። ደህና ነው፤ አውራ ጣቱን ይጠባል። «ያን ቀን... ደረሳችሁ?» አልኳት።

«ደርሰናል። መሸብን እንጅ።»

ከመኪናው ወረድኩ። ለሌሎቹ የነገርኩትን ለእሷም ነገርኳት፤ ተሸምድዶ የነበረው ቃል ግን ጠፋብኝና እየተንተባተብኩ ነው። እንደ ሌሎቹ ትስቃለች ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀችም።

«አልታመመችም ነበር?»

«አልታመመችም።»

«ወንበሩም ባዶ ነበር።»

«ባዶ ነበር።»

ልጁን ከጀርባዋ ላይ ከፍ አድርጋ አስተካከለችው። «እግዜር ይቅር ይበልሽ» አለችኝ። በሩን ከፈትኩላት። «በግሬ ይሻለኛል» አለችና መንገዷን ቀጠለች። ጥቂት ሄዳ ቆመች፤ ሳትዞር «ስለቱን እሑድ አደርሳለሁ። ከአፌ ወጥቷል፤ እሱ ምን አጠፋ» አለች። ከአስፋልቱ በታች ወዳለው ቤቷ ስትወርድ ቆሜ አየኋት። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ማታ ለአባቴ ነገርኳቸው። የጠየቁኝ ቤቷ የት እንደሆነ ብቻ ነው።

እሑድ ጠዋት ሴትየዋን ስለቷን ወደምታደርስበት ላደርሳት ስወጣ መኪናዋ ውስጥ ሰው ተቀምጧል። አባቴ ናቸው። ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰዋል፤ ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመዋል። የተቀመጡት ከኋላ ነው። ከኋላ ተቀምጠው አይቻቸው አላውቅም።

«አባየ፣ ከፊት ይምጡ እንጂ» አልኳቸው።

«ከፊት እሷ ናት፤ ልጅ ይዛለች።»

«ቤተ ክርስቲያን እኮ ነው የምንሄደው።»

«ለማን መኪና የተሳለች መሰለሽ? ሂጅ።»

ሞተሩን አስነሳሁ። እጄ ማርሹ ላይ እንዳለ ከበሩ ሳልወጣ ዞር ብዬ አየኋቸው። «አልገባም ካለችንስ?» አልኳቸው።

«እስክትገባ ደጇ እንቆማለን» አሉኝ።